የሚፈታ ነገር ይኑረን፦ ስለ ብስክሌት ጥገናና ስለ ዕለት ተዕለት ብስጭታችን

(በባሕር ዳር ቅዳሜ ረፋድ ለተሰበሰቡ ብስክሌት ነጂዎች፣ ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የምወዳችሁ ተማሪዎቼ፣ ብስክሌታችሁን ደጅ አቁማችሁ የገባችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንዴት አረፈዳችሁ? ገበያውን፣ ልብስ አጠባውን፣ ዘመድ ጥየቃውን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ባዶ ወንበር አለ።

የጋበዙኝ ሰዎች ስለ ብስክሌት ጥገና እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እናገራለሁ። ግን ስለ ብስክሌት ብቻ ተናግሬ ብወርድ የሆዴን ሳልናገር ቀረሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ በየቀኑ ስለሚያበሳጨን ነገር። ሁለተኛ፣ ስለ ብስክሌቱ፤ ስለ ጎማው፣ ስለ ሰንሰለቱ፣ በገዛ እጃችን ልንሠራው ስለምንችለው። ሦስተኛ፣ ከእናንተ ስለምፈልገው። ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ ከወዲሁ ታገሱኝ።

ከብስጭቱ ልጀምር።

የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ልከፍል ወደ አንድ ባንክ ሄድኩ። ወረፋ ያዝኩ። ረፋዱ አለቀ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና "ሲስተም የለም" አለችኝ። መቼ ይመጣል? "አይታወቅም።" ምን ሆኖ ነው? "እኛም አናውቅም፣ ከላይ ነው።" እስቲ ልጠይቃችሁ፤ "ሲስተም የለም" ተብሎ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? እጁን ያውጣ። ይኸው፣ አንድም የለም።

ከጎኔ ከገጠር የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው ከሩቅ የላከላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ ነው የመጡት። "የኔ ልጅ፣ ልመለስ ወይስ እዚሁ ልደር?" አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ልጅቷም አታውቅም፣ አለቃዋም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስትሰደብ ነው የምትውለው። ያልሰበረችውን፣ ልታየው የማትችለውን፣ ልትጠግነው የማትችለውን ነገር እያስረዳች ነው የምትውለው። በማን እንቆጣ? ደጋግሜ ያሰብኩት ይህንን ነው። በማን እንቆጣ?

ወላጆቻችንም ተቸግረዋል። ውሃ ከሩቅ ቀድተዋል፣ እህል በእጅ ፈጭተዋል፣ በእግር ቀን ሙሉ ተጉዘዋል። ድካማቸው ከእኛ የከፋ ነበር። ነገር ግን ማረሻው ሲደንዝ ማረሻው እንደደነዘ ያያሉ። ገመዱ ሲበጠስ የተበጠሰበትን ቦታ ይይዙታል። የእኛ ብስጭት የሚብሰው የተበላሸበትን ቦታ ማየት ስላልቻልን ነው ብዬ አምናለሁ። ኔትወርኩ የት ነው የተቋረጠው? መልእክቱ ለምን አልደረሰም? የይለፍ ቃሉ ትናንት የሠራው ዛሬ ምን ሆኖ ነው? መልስ የለም። ጠብቁ ነው የሚሉን። ስልክ ደውላችሁ "እባክዎ ይጠብቁ" የሚለውን ድምፅ እያዳመጣችሁ ሻይ አፍልታችሁ ጠጥታችሁ አታውቁም?

የእጅ ስልኬ ባትሪ ደከመ። በፊት የነበረኝ ስልክ ጀርባው በጥፍር ይከፈት ነበር፤ ባትሪ ገዝቼ ራሴ እለውጥ ነበር። የአሁኑ በሙጫ የታሸገ ነው። ጠጋኙ ልጅ ጀርባውን በሙቅ አየር እያሞቀ "ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ኃላፊነት አልወስድም፣ አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል" አለኝ። እውነቱን ነው የነገረኝ፤ አልፈርድበትም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 የባትሪ ደንብ አውጥቷል። በዚያ ደንብ መሠረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ በገበያው የሚሸጥ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ባትሪ፣ ጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣውና ሊተካው የሚችል መሆን አለበት። አስቡት። የገዙትን ዕቃ የመክፈት መብት በሕግ እየተመለሰ ነው። ያ መብት በእኛ ዘንድ ያልተነካበት አንድ ዕቃ ደግሞ ደጃፉ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። እናንተው ናችሁ ይዛችሁት የመጣችሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ገባሁ።

ብስክሌትን ተመልከቱት። የተደበቀ ነገሩ ትንሽ ነው። ፍሬኑ አልይዝ አለ? ጣታችሁን መሪው ላይ ካለው መያዣ ጀምራችሁ ካቦውን እየተከተላችሁ ሂዱ፤ ቸርኬው ጋ ትደርሳላችሁ። በመካከል ወይ ካቦው ተሰንጥሯል፣ ወይ ቡሎኑ ላልቷል፣ ወይ የፍሬኑ ጎማ አልቋል። አራተኛ ምክንያት ብታገኙ እንኳ እዚያው መስመር ላይ ነው። "ከላይ ነው" የሚላችሁ የለም።

የዛሬው ብስክሌት ቅርጹን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሮቨር ብሎ የሰየመውን ብስክሌት ያወጣው ያን ጊዜ ነው፤ መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማ፣ የኋላውን የሚነዳ ሰንሰለት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ በቤልፋስት ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እያንገጫገጨ ሲያስቸግረው በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራለት። የእንስሳት ሐኪም ነው! መሐንዲስ አልነበረም። ኦርቪልና ዊልበር ራይትም በዴይተን ኦሃዮ ብስክሌት ሲጠግኑና ሲሸጡ የኖሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ በ1903 የበረረው አውሮፕላናቸው ፕሮፔለሮቹን ያዞረው በሰንሰለት ነበር። ብስክሌት ሲጠግን የዋለ እጅ ሌላም ነገር ይደፍራል። ይህን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጎማ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ግፊትን ሳስተምር አንድ ሳፋ ውሃና አንድ የተበሳ የውስጥ ጎማ ይዤ ክፍል እገባለሁ። ነፍተን ውሃው ውስጥ እንከተዋለን። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጎማውን ቀስ እያደረግን እናዞረዋለን፤ ድንገት ከአንድ ቦታ ስስ የአረፋ ክር ይወጣል። "ይኸው! ይኸው!" ይላል ክፍሉ በሙሉ። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እናደርጋለን።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ወደ መለጠፍ ይሄዳል። ቆዩ። የበሳው ነገር የት አለ? ካላወጣችሁት ነገም ይበሳዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ዝምተኛ ተማሪዬን የውጪውን ጎማ ሰጠኋትና "ውስጡን በጣትሽ ዳብሺው፣ ቀስ ብለሽ፣ እንዳይወጋሽ" አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ዳበሰችው። አንድ ዙር ጨረሰች፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ዙር ጀመረች። መካከል ላይ ቆመች። "ቲቸር፣ አገኘሁት!" የግራር እሾህ ነው፤ ከውጪ ተሰብሮ ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ ቀርቷል፤ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። በፒንሳ ጎትታ አወጣችው። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ያን ቀን እሾሁን መዳፏ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ዴስክ አዳረሰች።

ከዚያ በኋላ ነው ልጠፋው። ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ከጥፋዩ፣ ማለትም ከሚለጠፈው ቁራጭ ጎማ፣ ሰፋ አድርጋችሁ ቀቡት። አሁን ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። እርጥብ ሆኖ ሲያብረቀርቅ አትለጥፉ! ማስቲሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተንኖ እስኪሄድ፣ ሲያዩት ደብዘዝ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ጥፋዩን ለጥፋችሁ በአውራ ጣት ከመሐል ወደ ዳር ተጫኑት። የሚላቀቅ ጥፋይ አብዛኛውን ጊዜ የተለጠፈው በችኮላ ነው። ጎማውን ስታወልቁም በካቻቢቴ አትቆፍሩት፤ አንዱን ቀዳዳ ልትደፍኑ ሌላ ትከፍታላችሁ።

ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ እሾህ አትፈልጉ። አየሩ ስላነሰ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ ነው። የአየሩ ልክ የት ተጽፏል? ጎማው ጎን ላይ! የአየር ግፊት መለኪያ የሆነው ፒ ኤስ አይ (PSI) የሚል ጽሑፍ አጠገብ ቁጥር አለ። ስንቶቻችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ስትወጡ አንብቡት።

ሰንሰለት። እዚህ ላይ ልቆጣ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሰንሰለት ላይ የሚያፈስ ሰው አለ፤ ብዙ ነው። በነጻ ስለሚገኝ ነው፤ ይገባኛል። ግን የተቃጠለ ዘይት ከሞተር ውስጥ የተፋቀ የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ የእኛ የበጋ አቧራ ይለጠፍበታል፤ ሰንሰለቱን ወፍጮ ያደርገዋል፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርስ ይፈጨዋል። ንጹሕ ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ጠብ አድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ከላይ የቀረውን መልሳችሁ ጥረጉት። ዘይቱ የሚሠራው ውስጥ ነው። ውጪ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የለውም።

ሰንሰለቱ ማለቁን እንዴት ታውቃላችሁ? የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል፤ ረዘም ያለው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚያልፈው። በአንድ ፒንና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው። ከአንድ ፒን ተነስታችሁ፣ የመነሻውን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን ለኩ። አዲስ ከሆነ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.6 ካለፈ ሰንሰለቱን ለውጡት። 30.8 ላይ ከደረሰ ግን ጥርሱንም ይዞት ሄዷል፤ ያን ጊዜ ወጪው ሁለትና ሦስት ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው፤ በሚሊ ሜትር የሚለካ ቅጠል።

አንድ ነገር ደግሞ ወጣቶች ስሙኝ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው ነው። የቀኙ እንደ ማንኛውም ቡሎን ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ይፈታል፤ የግራው ግን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። እንዲህ የተሠራው ስትነዱ በራሱ እየላላ እንዳይወልቅ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በመፍቻ ሲታገል ያጠብቀዋል፣ አልፈታ ሲለው መዶሻ ያመጣል፣ በመጨረሻ ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ ጥርስ ይበላዋል። በመዶሻ የተበላሸ እንጂ በመንዳት ብዛት የተበላሸ ክንድ ብዙም አላየሁም።

በእኛ ሰፈር ዋርካ ሥር የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ብስክሌት ሲመጣላቸው መጀመሪያ መፍቻ አያነሱም። ኮርቻው ላይ ገልብጠው ፔዳሉን ያዞራሉ፣ ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ድምፁ ፔዳሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ይመጣል? እንግዲያስ ከፔዳሉና ከመሐለኛው ኩሽኔታ አካባቢ ነው። ፔዳሉን ሲያቆሙትስ ጎማው ሲዞር ይቀጥላል? ከጎማው ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው? ከፍሬኑ ነው። ሌላ መሣሪያ የለም፤ ጆሮና ትዕግሥት ነው። እኔ ይህን ለዓመታት በሰሌዳ ላይ "ምክንያትና ውጤት" እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ እርሳቸው ግን በአንድ ደቂቃ ያሳያሉ።

ከእርሳቸው ጋር የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። አሁን ባጃጅ ይነዳሉ። አልወቅሳቸውም፤ እንጀራ ነው። ግን ጥፋቱ የእኛም ነው እላለሁ። ምግብ ቤት ስንበላ መልሱን "ያዘው" ብለን እንነሳለን፤ ዋርካ ሥር ተንበርክኮ ቸርኬ ያቃናልንን ሰው ግን በትንሽ ብር እንከራከረዋለን። ለምን? እጁ ጥቁር ስለሆነ? የከተማችን እንቅስቃሴ በእነዚህ እጆች ላይ ቆሞ ኖሯል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ተማሪው፣ ነርሷ፣ ዓሣ ሻጩ በብስክሌት ነው የሚመላለሱት። ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፉ ሲረዝም የማይቆመው ማነው? ብስክሌት የያዘው አይደለም እንዴ?

በዚህ ላይ ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገራችን ኦሎምፒክን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የፈረንሳዩን ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 በዚያው ውድድር በየቀኑ ከሚነዱት ዙሮች በሦስቱ አንደኛ ወጥቶ በነጥብ የመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማልያ ለብሷል። ከደስታችን ብዛት የጮህንበት ነው። እነርሱን ብንደሰትባቸው ተገቢ ነው፤ ደጃችን ያለውንስ ብስክሌት ለምን ዝገት እንዲበላው እንተወዋለን?

ሦስተኛውና የመጨረሻው። ከእናንተ የምፈልገው።

ወላጆች፤ ልጃችሁ ብስክሌት ሲፈታ "ልብስህ ይቆሽሻል" አትበሉት። በተለይ ለሴቶች ልጆቻችሁ "ተይው፣ ወንድምሽ ይሥራልሽ" አትበሉ። እለምናችኋለሁ፣ አትበሉ። እሾሁን ያገኘችው ልጅ ማን እንደነበረች ነግሬያችኋለሁ።

ትምህርት ቤቶች፤ አንድ ሳጥን አዘጋጁ። መንፊያ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ጥፋይና ማስቲሽ፣ ቁጥር 15 መፍቻ፣ ንጹሕ ዘይት፣ ጥቂት ጨርቅ። ይኸው ነው። ላቦራቶሪ ለመሥራት በጀት እየጠበቅን ባለንበት ሰዓት ይህ ሳጥን ራሱ ላቦራቶሪ ነው።

ወጣቶች፤ ጊዜ የለኝም አትበሉኝ። ስልካችሁ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ታውቁታላችሁ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለብስክሌታችሁ ስጡት።

አንዳንድ ሰው "ይህ ሁሉ ምን ይለውጣል?" ይለኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ብስክሌት መጠገን የባንኩን ሲስተም አያመጣም። የጠፋውን መብራት አይመልስም። አላስመስልም። ነገር ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ሲንጠባጠብ የኖረ ቧንቧ ነበር። ሁላችንም አልፈነው እንሄዳለን። ደብዳቤ ተጽፏል፣ ባለሙያ ይመጣል ተብሏል፣ አልመጣም። ጎማ ሲለጥፉ የከረሙት ልጆች አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከበቡት። "የት ጋ ነው የሚያፈሰው?" አለ አንዱ። ይህን ጥያቄ ከእኛ ከመምህራን አንድም የጠየቀ አልነበረም። መግቢያውን ዘጉ፣ ራሱን ፈቱት፣ ውስጡ ያለች ከሳንቲም የማትበልጥ ክብ ጎማ ተበልታ አልቃ ነበር። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በመቀስ ቆርጠው አዲስ ሠሩላት። አሰሩት። ከፈቱት፣ ዘጉት። ቆመ! የቧንቧ ትምህርት ማንም አልሰጣቸውም። "የት ጋ ነው?" ብለው መጠየቅን ከብስክሌት ነው የተማሩት። እነዚህ ልጆች ነገ ባንክ ውስጥ፣ ቴሌኮም ውስጥ፣ መብራት ውስጥ ይቀጠራሉ። መስኮቱ ላይ ለቆመ አባት "ከላይ ነው" ብለው እንደማይመልሱ፣ ተነስተው ወደ ውስጥ ገብተው "የት ጋ ነው?" እንደሚሉ ተስፋ አለኝ። ጽኑ ተስፋ አለኝ።

ንግግሬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ውጪ ጠይቁኝ፤ እዚህ ተቀምጠን ጊዜ አናባክን። ሁለት ሳፋ ውሃ ተዘጋጅቷል፤ ዋርካ ሥር ያሉት ጋሼም መሣሪያቸውን ይዘው መጥተዋል፣ በጭብጨባ ተቀበሉልኝ። ጎማችሁ የተኛባችሁ በግራ በኩል፣ ሰንሰለታችሁ የሚጮህባችሁ በቀኝ በኩል ተሰለፉ። ሴት ተማሪዎች፣ መፍቻውን መጀመሪያ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። አመሰግናለሁ።